ቤተ መጻሕፍት ሶፍት ኮፒ ሊያውስ ሲነሳ ከአሳታሚ ጋር ምን ዓይነት ውል ይግባ? (ባሕር ዳር)

ጣናዳር_ንባብ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የኢ-መጽሐፍ ውሰት ለመጀመር ውል እየተዘጋጀ ነው። የታሰበው 150 ያህል የአማርኛ መጻሕፍት ይዞ መነሳት ነው፤ ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ ጥቂትም የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ። አንባቢው በስልኩ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ታብሌት ያነባል።

ከአንድ አሳታሚ የመጣው ረቂቅ ባጭሩ ይህን ይላል፦

– ዋጋው የሽፋን ዋጋ 3 እጥፍ
– ፈቃዱ ለ1 ዓመት ወይም ለ20 ውሰት፣ ቀድሞ የሞላው
– በአንድ ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ
– አዲስ መጽሐፍ ከወጣ 6 ወር እስኪሞላው ለቤተ መጻሕፍት አይሰጥም
– ፋይሉ በአሳታሚው ሰርቨር ይቀመጣል፤ አሳታሚው ባመነበት ጊዜ ሊያነሳው ይችላል

የትኛው ላይ እንጽና፣ የትኛውን እንልቀቅ? በሌላው ዓለም እንዴት እንደተሠራ የምታውቁ፣ በሕጉም በቴክኒኩም የምትችሉ፣ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልን።

---

መዝገብ_ክፍል

እህቴ፣ ረቂቁ ውስጥ ያሉት ሐሳቦች እዚህ አገር የተወለዱ አይደሉም። ከየት እንደመጡ ከታወቀ ለመደራደር ይቀላል።

ቤተ መጻሕፍት የወረቀት መጽሐፍ ሲገዛ ቅጂው የራሱ ነው። ስንቴ እንደሚያውሰው፣ መቼ ከመደርደሪያ እንደሚያወርደው አሳታሚው አያገባውም። በፋይል ጊዜ ግን የሚከፈለው ለፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ውሉ ላይ ከተጻፈው አያልፍም። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በአሜሪካ ሃርፐርኮሊንስ የተባለው ትልቅ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ፈቃድ 26 ጊዜ ብቻ ይዋሳል ብሎ ወሰነ። ቁጥሩ የመጣው ከሁለት ሳምንት ውሰት ነው፤ 26 ሲባዛ በ2፣ 52 ሳምንት። ምክንያታቸው "ወረቀትም ያረጃል" የሚል ነበር። ሌላው አሳታሚ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ እ.ኤ.አ. እስከ ሴፕቴምበር 2018 ድረስ ጊዜ የማይገድበው ፈቃድ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ወደ 2 ዓመት አወረደው። አሼት በ2019 ተከተለው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ማክሚላን ባሰው፤ መጽሐፉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት አንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ከተማውን ያህል ትልቅ ቢሆን እንኳ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲገዛ ፈቀደ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከእርሱ መግዛት አቆሙ፤ እገዳው ማርች 2020 ላይ ተነሣ። የአንቺ ረቂቅ 6 ወር ነው የሚለው፤ ያ ሁሉ ጩኸት የተነሳበት እገዳ 8 ሳምንት ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የሽፋን ዋጋው 500 ብር ነው እንበል። 3 እጥፉ 1,500 ብር። 20 ውሰት ከሞላ አንዱ ውሰት 75 ብር ወጣበት። መጽሐፉ ተፈላጊ ከሆነ ውሰቱ 14 ቀን፣ ተራ የደረሰው ሰው እስኪወስደው 3 ቀን ብትይ በየ17 ቀኑ አንድ ሰው ነው፤ 20 ሰው በ340 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ለተፈላጊ መጽሐፍ የ1 ዓመቱና የ20ው ገደብ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ያለው ቀስ ብሎ በሚነበበው ላይ ነው። በዓመት 6 ሰው ብቻ የወሰደው የታሪክ መጽሐፍ 250 ብር በውሰት ያስከፍላል፤ 14 ውሰት ሳይነካ ፈቃዱ ይሞታል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኛው መጽሐፉ እንዲህ ያለ ነው።

150 መጽሐፍ በ1,500 ብር 225,000 ብር ነው። በዓመቱ መደርደሪያው ባዶ ይሆንና እንደገና 225,000። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ቢዘገይ ስብስቡ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ "ቀድሞ የሞላው" የሚለው ሐረግ ይውጣ። ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ በዚህ ላይ ጽኑ።

---

ቀበሌ14_አንባቢ

አንድ ነገር አልገባኝም። መጽሐፉን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ ስካን አድርጎ፣ ወረቀቱን ቆልፎ ፋይሉን ለአንድ ሰው ብቻ ማዋስ ለምን አይቻልም? አንድ ወረቀት አንድ ፋይል። ማን ይጎዳል?

---

የሕግ_ነገር

ወንድሜ፣ ይህ ሐሳብ በትልቁ ተሞክሯል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የያዘውን ወረቀት ያህል ብቻ ስካኑን ሲያውስ ቆየ። እ.ኤ.አ. ማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የተራ ጥበቃውን አንስቶ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከፈተው። ጁን 1 ቀን አሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ዊሊ እና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ከሰሱት። ክሱ 127 መጻሕፍትን የጠቀሰ ነበር። በማርች 2023 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፣ በሴፕቴምበር 2024 ይግባኝ ሰሚው ለአሳታሚዎቹ ፈረዱ። ልብ በል፣ ፍርዱ የተከፈተውን ወቅት ብቻ አይደለም የነካው፤ "አንድ ወረቀት አንድ ፋይል" የሚለውንም ጭምር ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጡ።

አውሮፓ ትንሽ ይለያል። ከኔዘርላንድ በመጣ ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 ኢ-መጽሐፍን ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ማዋስ እንደ ወረቀት ውሰት ሊታይ እንደሚችል ወሰነ፤ ደራሲው ካሳ እንዲያገኝና ቅጂው ከሕጋዊ ምንጭ እንዲሆን ግን ጠየቀ።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ 872/2007 የተሻሻለው) በአንቀጽ 12 ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው ነገር አለ፤ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ለሚጠይቅ ሰው ጽሑፍ ወይም አጭር ቅንጭብ ማባዛት፣ እንዲሁም የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂ በአግባቡ መተካት ካልተቻለ ለማቆየት ማባዛት። ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ወደ ሰው ስልክ መላክን ከዚህ ውስጥ ማውጣት አይቻልም። እንደዚያ ካደረጋችሁ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

በሕግ አስገድደን እናምጣቸው የሚልም ይኖራል። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት ምክንያታዊ በሆነ ዋጋ ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በ2022 ፍርድ ቤት ከፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ አቆመው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ነገሩ የሚያልቀው ውሉ ላይ ነው።

መብቱ ያበቃው ግን የሁሉም ነው። አዋጁ የሚጠብቀው ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው። ከዚሁ ከዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ስለሆነ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት ልብ ወለድ ማንንም ሳይጠይቁ ሊዋስ ይችላል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1938 አርፈዋል፤ የእርሳቸውም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ነው፦ በቅርብ የወጣ እትም አዲስ መግቢያ፣ አዲስ ማብራሪያ ካለው ያ ክፍል የአዘጋጁ ነው። ከጥንቱ እትም ተነስታችሁ እንደገና ጻፉት። ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉ እ.ኤ.አ. በ2003 ያረፉ ደራስያን ግን መብታቸው እስከ 2053 ይጠበቃል።

---

አሳታሚ_ከፒያሳ

በአሳታሚ በኩል ያለውን ልጻፍ፤ እዚህ እንደ ስስት እየተነበበ ስለሆነ።

አንድ መጽሐፍ ሲታተም ወረቀቱም የማተሚያው ዋጋም አስቀድሞ ይከፈላል። አከፋፋዩ በዱቤ ይወስዳል፤ ኮሚሽኑን ቀንሶ ገንዘቡ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው። የሽያጩ ጉልበት ደግሞ ከምረቃው በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታትና የመጽሐፍ ዐውደ ርእዩ ናቸው። በዚያ ሰሞን ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ቀሪው እትም መጋዘን ይቀራል። ከቻናል ለማስወረድ ትጽፋለህ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይከፍተዋል። በዚህ መሀል ቤተ መጻሕፍት መጥቶ "ሶፍት ኮፒውን ስጡን" ሲል ጥርጣሬ ቢኖር አይገርምም።

ጊዜ የማይገድበውን ፈቃድም አስቡት። የወረቀት ቅጂ ይቀደዳል፣ ይጠፋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሶ ይገዛል። ፋይል አያረጅም። አንዴ 1,500 ብር ከፍሎ 30 ዓመት ማዋስ ለደራሲው ትክክል ነው?

---

ፖሊ_ሰርቨር

ስለ ቴሌግራሙ፦ እዚያ የሚዞሩትን ፒዲኤፎች ከፍተው ይዩአቸው። የገጹ ጠርዝ ጠምሟል፣ በመሃል የጥላ መስመር አለ፣ ከታች የያዘው ሰው አውራ ጣት ይታያል። ከወረቀት በስልክ የተነሱ ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ፋይል ያልኖረበት መጽሐፍ ሁሉ እየወጣ ነው። ይህን የምለው ስጋትዎ የለም ለማለት አይደለም፤ የሚከላከልበት ቦታ ሌላ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ። ለዚህ የሚሆነው ኤልሲፒ የሚባለው መቆለፊያ ነው። ክፍት መስፈርት ነው፤ ኢዲአርላብ የተባለ የፈረንሳይ ተቋም ያስተዳድረዋል። ለሥራ ለማዋል ከእነሱ ሰርተፊኬት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ክፍያው በዩሮ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄውን ቀድማችሁ አስገቡ። ለሙከራ ግን ያለ ክፍያ መሠረታዊው ሞድ ይበቃል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አሳታሚው ንጹሕ ኢፐብ (ጽሑፉ በስክሪኑ ልክ የሚሰደር የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ይሰጣል። ሰርቨሩ ላይ መጽሐፉ አንዴ ይመሰጠራል፤ ቁልፉ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አንባቢ ሲዋስ የሚሰጠው መጽሐፉ ሳይሆን ትንሽ የፈቃድ ፋይል ነው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ስንት ፊደል መቅዳት፣ ስንት ገጽ ማተም እንደሚችል ተጽፎበታል። የንባብ መተግበሪያው ያንን ከፍቶ መጽሐፉን ያወርዳል። ኮምፒውተር ላይ ቶሪየም የተባለው የንባብ መተግበሪያ በነጻ ይሠራል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ባይኖርም ይነበባል፤ ለዘጌና ለደሴቶቹ አንባቢ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቀኑ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። ቀድሞ የጨረሰ ሰው "መልስ" ካለ ደግሞ ለቀጣዩ ወዲያው ይለቀቃል።

የሚበላሸው የት ነው?

ሰዓቱ። ፈቃዱ የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ማብቂያውን በ30ኛው ቀን ዜሮ ሰዓት ብላችሁ ካስገባችሁ መጽሐፉ የሚዘጋው በ30 ሌሊት 9 ሰዓት ነው። አንባቢው "እስከ 30" ተብሎ በ30 ጠዋት ተዘግቶ ያገኘዋል። በዚያው ቀን 21፡00 ብላችሁ አስገቡ፤ ያኔ የሚዘጋው በእኛ እኩለ ሌሊት ይሆናል።

የስልኩ ቀን። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ያለቀበት ርካሽ ስልክ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። መተግበሪያው "ፈቃዱ ገና አልጀመረም" ይላል። አንባቢ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው የስልኩ ቀን ነው።

ዳታቤዙ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ቁልፎቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ መብራት ድንገት ጠፍቶ ዳታቤዙ ከተበላሸ ሰርቨሩ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ የማይከፈቱ ይሆናሉ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ሰርቨሩን ለማቆየት ብቻ አይበቃም፤ ባትሪው ሲደክም ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ በኬብል ይገናኝ። ባክአፕ በየቀኑ፣ አንዱ ቅጂ ከሕንጻው ውጭ። ንጹሑ ኢፐብም ለብቻው በተቆለፈ ዲስክ ይቀመጥ። ስለዚህ "ፋይሉ በአሳታሚው ሰርቨር ይቀመጣል" የሚለውን አትቀበሉ። የእነሱ ሰርቨር የቆመ ቀን የእናንተ ቤተ መጻሕፍት ይዘጋል።

አሳታሚውም የሚቆጣጠርበት አለው። አንድ ፈቃድ ስንት መሣሪያ ላይ እንደተከፈተ ይመዘገባል። ስልክና ታብሌት 2 ነው፣ ከቤተሰብ ጋር 4 ይሆናል። 30 ከደረሰ የይለፍ ቃሉ ተሰጥቷል ማለት ስለሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል። ይህን ቁጥር ውሉ ውስጥ ጻፉት።

---

ፊደል_ለቃሚ

ፖሊ ያለው ሁሉ የሚሠራው አሳታሚው ኢፐብ ካለው ነው። አብዛኛው ያለው ለማተሚያ ቤት የተላከው ፋይል ነው። መጽሐፉ በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ተለቅሞ ከሆነ ሲያዩት አማርኛ ነው፤ ሲቀዱት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ማተሚያ ቤቶች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በድሮው ሲሠሩ ቆይተዋል።

ከመፈረማችሁ በፊት ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አስልኩ። በቶሪየም ክፈቱና ከመሃል አንድ ቃል ፈልጉ። ካገኘው ዩኒኮድ ነው። ካላገኘው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መቀየሪያው ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎንት የተለየ ነው። ከተቀየረ በኋላ የሚሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፦ ሏ፣ ቧ፣ ጓ፣ ኳ የመሳሰሉት፣ የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፼፣ እና ፤ ከ ፥ ጋር። መላውን መጽሐፍ ለማረም ጊዜ ባይኖር እነዚህን ፈልጎ ማየት ግዴታ ነው።

ፎንቱ ኢፐቡ ውስጥ ይግባ፤ ርካሽ ስልኮች ላይ አንዳንድ ፊደል ሳጥን ሆኖ ይታያል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ከሆነ ፈቃዳቸው ክፍት ነው፤ የንግድ ፎንት ግን ያለ ፈቃድ ማስገባት ሌላ የመብት ጥሰት ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለው ኢፐብ ከፎንቱ ጋር ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋባይት አያልፍም። ስካን ፒዲኤፍ ከ50 በላይ ሊሆን ይችላል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ገንዘብ ነው።

የካታሎጉ ፍለጋም ይስተካከል። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሶፍትዌር "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ወደ አንድ የሚመልስ ደንብ ካልተጨመረ አንባቢው ያለውን መጽሐፍ "የለም" ተብሎ ይሄዳል። ያኔ ሪፖርቱ ላይ "አልተፈለገም" ተብሎ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ አይታደስም።

የልወጣውን ወጪ ማን ይሸፍን? እኔ ቤተ መጻሕፍቱ ቢችል ይሸፍን እላለሁ፤ በምላሹ ግን ከዋጋው ይቀነስለት። አሳታሚው በዚያው ለሌላም የሚሸጠው ንጹሕ ፋይል ያገኛል።

---

ብዕረኛ

ከማን ጋር ነው የምትፈራረሙት? ይህ ይቅደም። እኛ ዘንድ ብዙ መጽሐፍ ደራሲው በራሱ ወጪ ያሳተመው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አከፋፋይ ሊሆን ይችላል። አሳታሚ ያወጣውም ቢሆን የቆየው ውል ስለ ኢ-መጽሐፍ አንድ ቃል የለውም። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። አሳታሚው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የደራሲውን ወይም የወራሹን የጽሑፍ ስምምነት አያይዞ ያቅርብ፤ ከውሰቱ ገንዘብ የደራሲው ድርሻም በመቶኛ ይጻፍ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ለደራስያን ከቤተ መጻሕፍት ውሰት መንግሥት ይከፍላል፤ እንግሊዝም ከ2018 ጀምሮ ኢ-መጽሐፍን በዚያ ውስጥ አስገብታለች። እኛ እንዲህ ያለ ፈንድ ስለሌለን ድርሻው ውሉ ውስጥ ካልገባ ደራሲው ምንም አያገኝም።

---

መዝገብ_ክፍል

@አሳታሚ_ከፒያሳ፣ ስለ ደራሲው ያነሱት ትክክል ነው፤ ሁሉም መጽሐፍ ለዘላለም ይሰጠን አልልም። መካከለኛ መንገድ አለ። አማዞን የራሱን ኅትመቶች ለቤተ መጻሕፍት አልሰጥም ብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካው ዲጂታል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሲስማማ ከተሰጡት አማራጮች አንዱ ይህ ነበር፦ 40 ውሰት፣ እስከ 10 ሰው በአንድ ጊዜ፣ የጊዜ ገደብ የለውም። ለእናንተም ለእነሱም የሚበጀው ይህ ይመስለኛል። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ተመልሶ ይገዛል፤ ስለዚህ አሳታሚው ያገኛል። ያልተነበበው አይቃጠልም፤ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ አይከስርም። በ1,500 ብር 40 ውሰት አንዱን 37 ብር ከ50 ያደርገዋል፤ ከረቂቁ በግማሽ ያነሰ ነው፣ እርስዎም ዋጋዎን አልቀነሱም።

አንድ ሌላ ሞዴል አለ፤ በየውሰቱ መክፈል። ለምሳሌ በውሰት 25 ብር። ተራ መጠበቅ የለም። አደጋው በጀቱ ነው፤ ለወር 4,000 ብር ከተያዘ በ160 ውሰት ያልቃል፣ ወሩም በ10 ቀን ሊዘጋ ይችላል። ለእያንዳንዱ አንባቢ በወር የውሰት ጣሪያ ካልተቀመጠ አትግቡበት።

---

አሳታሚ_ከፒያሳ

40 ውሰት ያለ ጊዜ ገደብ፣ ይህን መቀበል ይቻላል። 10 ሰው በአንድ ጊዜ የሚለው ግን ለአዲስ መጽሐፍ አይሆንም፤ በመጀመሪያው ዓመት 2 ይሁን፣ ከዚያ በኋላ 10። ከ3 ዓመት በላይ ለሆነው መጽሐፍ ደግሞ የአንድ ሰው ዘላቂ ፈቃድ በሽፋን ዋጋ 2 እጥፍ መስጠት አያስቸግርም፤ እነዚያ በወረቀትም አልቀዋል፣ ዳግም የሚታተሙም ጥቂቶች ናቸው። እንዲያውም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መኖራቸው ስማቸውን ያቆየዋል።

ስድስቱን ወር ወደ 3 ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች አልሄድም።

---

ጣናዳር_ንባብ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ሦስት ወሩ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅዎ። ስጋቱ ፋይሉ መውጣቱ ከሆነ፣ በእነዚያ 3 ወራት መጽሐፉ እዚሁ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባሉት ታብሌቶች ላይ ብቻ ይነበብ። በግቢው ኔትወርክ ብቻ የሚሠራ፣ ወደ ስልክ የማይወርድ። ሙሉ እገዳ ከሚሆን ይህ አይሻልም?

ለሌሎቻችሁም ሁለት ነገር፦ የ12ኛ ክፍሉ ማጠናከሪያ በየትኛው ሞዴል ይያዝ? ማየት የተሳናቸው አንባቢዎችስ?

---

ፖሊ_ሰርቨር

የግቢው ሐሳብ ቀላል ነው። ካሊበር ዌብ የተባለውን፣ ኢ-መጻሕፍትን በብራውዘር የሚያስነብብ ሶፍትዌር በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነሽ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ማውረጃውን መዝጋት እንዳይረሳ፤ ሲጫን ተጠቃሚው እንዲያወርድ ተፈቅዶለት ሊሆን ስለሚችል የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ፈቃድ ገብቶ ማየት ነው። የታብሌቱ ስክሪን ሾትም ይዘጋ።

ማጠናከሪያው ላይ የ14 ቀን ውሰት አይሠራም። ፈተናው ሲቃረብ ሁሉም ተማሪ የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ነው፤ አንዱ 14 ቀን ከያዘው ሌላው ከፈተናው በኋላ ይደርሰዋል። ውሰቱን 3 ቀን አድርጉ፣ ማደስ አይኑር፣ ለእነዚህ መጻሕፍት ብቻ ከፈተናው በፊት ላሉት ሁለት ወራት ያልተገደበ የአንባቢ ቁጥር ግዙ። ዓመቱን ሙሉ ከመክፈል ይረክሳል።

---

የሕግ_ነገር

ማየት ለተሳናቸው፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የማራካሽ ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ ለእነርሱ ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀትን የቅጂ መብት እንዳያግደው ለማድረግ የተሠራ ነው። ውሉ ላይ "መቆለፊያው ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያን አይከለክልም" የሚል አንድ መስመር ይግባ። ስካን ፒዲኤፍ ደግሞ ለእነርሱ ባዶ ገጽ ነው፤ ኢፐብ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

"ባመነበት ጊዜ ሊያነሳው ይችላል" ስለሚለው እስካሁን ማንም አልጻፈም፤ ለእኔ ከረቂቁ ሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት መጽሐፍ በአንድ ኢሜይል ከጠፋ ስብስብ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ይተካ፦ አሳታሚው መጽሐፍ ማንሳት የሚችለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም መብቱ የሌላ ሰው መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ ነው፤ ሲያነሳ ያልተነካውን ውሰት ያህል ገንዘብ በ30 ቀን ይመልሳል። የተዋሰ ሰው እጅ ያለው እስከ ቀኑ ይነበባል።

አሳታሚው ቢዘጋ ወይም ድርጅቱ ቢሸጥ ፈቃዱ እንዳለ እንዲቀጥል ይጻፍ። የሚላከው ሪፖርት ስለ መጽሐፉ የውሰት ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ማን ምን እንዳነበበ ከቤተ መጻሕፍቱ አይውጣ። ዋጋውም በብር ይቆረጥና የሚከለስበት ቀን ይቀመጥ።

---

አሳታሚ_ከፒያሳ

በግቢ ታብሌት ብቻ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን መስጠት ይቻላል፣ በ2 ታብሌት። የማንሳቱን አንቀጽ በዚህ መልክ እቀበላለሁ፤ በአንድ ጭማሪ፦ አዲስ የታረመ እትም ሲወጣ አሮጌው እንዲተካ። ደራሲው ያረመውን ስህተት እያዋሱ መቀጠል አይገባም።

---

መዝገብ_ክፍል

ይተካ፣ ግን አሮጌው አይጥፋ። ተመራማሪ የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግበት ጊዜ አለ። አዲሱ ለውሰት፣ አሮጌው ተቆልፎ በግቢ ለማመሳከር ይቀመጥ፤ የተጀመረው የ40 ውሰት ቆጠራም በአዲሱ ላይ ካለበት ይቀጥል እንጂ ከዜሮ አይጀምር፤ ሌላ ክፍያም አይጠየቅበት።

---

ጣናዳር_ንባብ

ይህን ሁሉ ረቂቁ ላይ አስገብተን ለኮሚቴው እናቀርባለን። መጀመሪያ በ20 መጽሐፍ ይሞከራል፤ ከእነዚያ ውስጥ 5ቱ የቅጂ መብታቸው ያበቃ ስለሆነ መቆለፊያም ፈቃድም አይፈልጉም፣ ከነሱ እንጀምራለን። @ፊደል_ለቃሚ፣ የዘጌውን የአፈወርቅን የ1908 እትም እንደገና ለመጻፍ የሚረዳን ብናገኝ የሆሄውን አጻጻፍ እንዳለ እንተወው ወይስ እናስተካክል?

---

ፊደል_ለቃሚ

እንዳለ ተዉት። ማስተካከሉ ፍለጋው ላይ ይሁን፤ መጽሐፉ ላይ አይሁን። ሁለት ሰው ለየብቻ ይጻፈውና ሁለቱ ፋይሎች በኮምፒውተር ይነጻጸሩ፤ የሚለያዩበትን ብቻ ከዋናው ገጽ ጋር ማየት ነው። አንድ ሰው ጽፎ ሌላ ሰው ከሚያርመው ያነሰ ስህተት ይተርፋል።

---